ሁለት «ነው» ያለው ቋንቋ

እኔ ስፓኒሽ የለመድኩት ወፍጮ ቤት ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ብቻ የሰው ድምፅ በሚሰማበት፣ ዱቄቱ ቅንድብ ላይ በሚቀመጥበት ቤት፣ ከወንድሜ አፍ ለቃቅሜ ነው። ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ያስተማሩኝ እንግሊዝኛ አንድም ቀን አልጠቀመኝም። ስፓኒሹ ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ግን መልሱ አጭር ነው፤ ጎድቶኛል።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን በደርግ ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ እዚያው ቀረ። ቀጥሎ የሟች ወታደር ልጆች እየተመረጡ ኩባ ወደምትባል አገር ለትምህርት ይላኩ ሲባል እሱም ተመረጠ፤ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ልጆቹን ሰብስቦ በጠዋት ይዟቸው ሄደ፤ እናቴን ግን መኪናው የሚነሣ ከሰዓት ነው፣ ቀስ ብለሽ ድረሺ አሏት። እሷም ዳቦ ጋገረችለት። እኔን በጀርባዋ፣ ዳቦውን በደረቷ አቅፋ ቡሬ ስትደርስ መኪናው መንገድ ጀምሯል። ዳቦው ገና ለብ ያለ ነበር ትላለች።

ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እህል ስትለቅምም፣ ስትፈትልም፣ ዝም ብላ ቁጭ ስትልም ታወራዋለች። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ፊቱን ሳላይ ሄደ። እንግዲህ እግዜር ይመልስልኝ እንጂ፣ ሁለተኛ ፊቱን ሳላይ አይሄድብኝም» ትላለች። እኔ በዚህ ነገር እቀና ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። አጠገቧ ያለሁት እኔ፣ የምታወራው ስለሌላው።

መንግሥት ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ረጅም፣ ጸጉሩ የጎፈረ ሰው በራችን ላይ ቆሞ «እማ» አለ። እናቴ በስስት ታየው ጀመር፤ ግባ ማለቱንም ረሳችው። እኔ ወንድሜ መሆኑ ቢገባኝም ሰውየው እንግዳ ሆነብኝና «ይግቡ» አልኩት። ሳቀብኝ። የሱ አማርኛ በዘጠኝ ዓመቱ እንደቆመ ቆሞ ቀርቷል፤ ሰዉን ሁሉ አንተ፣ አንቺ ይላል። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ የመጡትን የንስሐ አባታችንን «አንተ ደግሞ አርጅተሃል» ብሏቸው እናቴ መግቢያ አጣች። እሳቸው ግን ደግ ሰው ስለነበሩ «ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የተናገረ» ብለው ጠበሉን ረጩትና ሄዱ።

እናቴ ያን ክረምት ስትፈትል ከርማ ጋቢ አሠራችለት። ከኩባ ያመጣውን ጃኬት አውልቆ ጋቢውን ለበሰ። የተማረው የእርሻ መኪና ጥገና ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ቢዞር ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ብለው አሰለቹት። በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ገብቶ የወፍጮ ሞተር ይጠግን ጀመር። እኔም የአሥራ ሁለተኛውን ፈተና ስወድቅ እናቴ «እዚህ ከምታኮርፊብኝ ሂጂና ወንድምሽን ቀቅለሽ አብይው» ብላ ሰደደችኝ። አኩራፊ ነሽ ያለችው ውሸት አይደለም።

ምሳውን ወፍጮ ቤት እወስድለታለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበላ ቋንቋውን ያወጣዋል። መጀመሪያ ያስተማረኝ የሰው መልክና ጠባይ መጥሪያ ነበር። ከሲታ ሴት ፍላካ፣ ከሲታ ወንድ ፍላኮ። እኔን ፍላካ ይለኝ ጀመር፤ ሠፈሩ ሁሉ ትርጉሙን ሳያውቅ ተቀበለው። የቸገረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቋንቋ «ነው» የሚለው ቃል ሁለት ነው። አንዱ «ኤስ» ነው፣ አንዱ «ኤስታ» ነው።

«ምን ይሠራል ሁለት?» አልኩት። «አንዱ አይበቃቸውም?»

የሞተሩን ሆድ እያሳየ አስረዳኝ። «ይኼ ሞተር አሮጌ ነው። ምንም ብታደርጊው አዲስ አይሆንም። ይኼን በኤስ ትያለሽ። ዛሬ ደግሞ ተበላሽቷል። ተበላሽቷል ግን እጠግነዋለሁ፣ ያልፋል። እሱን በኤስታ ትያለሽ። የማይለቀው ኤስ ነው፣ የሚያልፈው ኤስታ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ኤስ ነገረኛ።»

«ዛሬ ስለተናደድኩ ነው። ኤስታ በለኝ።»

«የለም፣ የለም። ኤስ ነሽ።»

ወፍጮ የሚያስፈጩት ሴቶች ምን እንደምንባባል ሳይገባቸው ከኛ ጋር ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ በሁለቱ መክፈል አመጣሁ። በርበሬ ኤስ ቀይ። ሰማዩ ኤስታ ደመና። አከራያችን ኤስ ክፉ። ስሳሳት ያርመኛል፣ ሲሰምርልኝ ልክ ነሽ ይለኛል። ያን ጊዜ የነበረኝ ደስታ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ እንዲህ ልክ ልክ ሲለኝ ነው ለካ የጠመመው።

ከዚያ ሳሉ ያዘው። መጀመሪያ ዱቄቱ ነው አልን። ዱቄት የማይደርስበት ቤት ተኝቶም አልተወውም። ከሳ፤ ፍላኮ የሚለው ስም ወደ ሱ ዞረና መጥራቱን ተውነው። ያን ጊዜ ከስቶ የሚያስል ወጣት ሲታይ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ በሽታ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው የለም። አከራያችን ብርጭቆአችንን ለየች፤ ቀጥሎ በጓሮ በኩል ውጡ ግቡ አለችን። የሠፈሩ ልጆች እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። እኔ ዝም ሲሉኝ ይብስብኛል፤ ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፈረንጆች የሚያክሙበት ክሊኒክ ስለነበር በቃሬዛ ወሰድነው። ሐኪሟ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ሴት ነበረች። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ስታስር በስፓኒሽ ማጉረምረሟን ሰማና መለሰላት። እጇ ደርቆ ቀረ። ጎጃም ውስጥ፣ ጋቢ የለበሰ በሽተኛ፣ በገዛ ቋንቋዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትዞር እሱ ዘንድ ስትደርስ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ነርሶቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚግባቧት፤ ከሱ ጋር የምታወራውን የሚሰማ አልነበረም። እኔም አልጋው ግርጌ ቆሜ አፍ አፋቸውን አያለሁ፤ የማውቀው ቃል ሲያልፍ ብቻ እንደ አረም እነቅለዋለሁ።

አንድ ጠዋት ደረቱን ስታዳምጥ ቆይታ ጋቢውን መልሳ አለበሰችውና አንድ ቃል አለች። ደሊካዶ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ስትሄድ «ደሊካዶ ምንድን ነው?» አልኩት።

ወደ ጣሪያው እያየ ቃል ፈለገ። የልጅ አማርኛው ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገዋል። «ስስ» አለ። «እንደ ብርጭቆ። እንደ እንቁላል። እንዳይሰበር ቀስ ብለሽ የምትይዢው።»

«አንተን ነው እንዴ ስስ ያለችህ?»

«አይ» አለ። «ለሰው ሲሆን ሌላ ነው። ምግብ የሚያማርጥ ሰው እንዲያ ይባላል። እዚያ ትምህርት ቤት ሾርባ አልበላም ያለውን ልጅ አስተማሪያችን ኤስ ደሊካዶ ትለው ነበር። ይቺም ሐኪም አትበላም፣ ታማርጣለህ እያለች ትቆጣኛለች።»

አመንኩት። ደግሞም እውነት ነው፤ ቃሉ እንዲህም ይሆናል። ውሸት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይቅር ባልኩት ነበር። ጾመ ነቢያት ነበር፤ የንስሐ አባቱ ለበሽተኛ ፈቅደውለት ስለነበር እንቁላል ሠራሁለት፣ ዶሮ ቀቀልኩለት፣ አጥሚት አቀጠንኩለት። ሁሉንም አንድ ጊዜ ቀምሶ ይመልሰዋል። «ቀበጥክ እንግዲህ» እለዋለሁ። «ደሊካዶ» ይለኛል እሱም፤ ለመሳቅ ሲሞክር ሳሉ ይቀድመዋል።

እናታችን መታመሙን ታውቃለች። እንደተኛ አንድ ጊዜ መጥታ አይታው ነበር፤ ያኔ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ እየሳቀም አነጋግሯታል። ከዚያ በርበሬው ደረሰባት። በርበሬ ተለቅሞ አውድማ ላይ ሲሰጣ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ያለወቅቱ ደመና ቢመጣ፣ ሮጦ የሚሸፍነው ሰው ከሌለ፣ የዓመት ልፋት ሻግቶ ይቀራል። እናቴ ልብስም፣ ጨውም የምትገዛው፣ ግብሯንም የምትከፍለው በዚያ በርበሬ ነው። ሌላ ሰው የላትም፤ ያሉን ልጆች እኛው ነን፣ እኛም ክሊኒክ ነን።

በገበያ ቀን ጎረቤታችን መጡ። በርበሬ ይዘው የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አያ ነው የምንላቸው። ወንድሜን አይተው፣ አይዞህ ብለውት፣ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ኸናትሽ ዘንድ ነው የመጣሁ» አሉኝ። «ሰማዩ ደመና ቋጥሯል፤ በርበሬዋን ትታ መምጣት አልሆነላትም። ሐኪሟ ያለችውን ቁርጡን ይንገሩኝ ብላለች። የሚያሰጋ ከሆነ በርበሬው ገደል ይግባ፣ ነገውን ትነሣለች። አይ ከሆነም አስገብታው ትምጣ። ያለችሽን እንደ ወረደ ንገሪኝ።»

«እጠይቃታለሁ፣ አያ። ይቆዩኝ» አልኳቸው።

ነርሶቹን መጠየቅ ሰልችቶኝ ነበር። አንዷ አይዞሽ ትለኛለች፣ አንዷ እግዜር ያውቃል ትለኛለች፤ እግዜር ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ወደ ሐኪሟ ክፍል ገባሁ። እጇን እየታጠበች ነበር። አፌ ውስጥ ደጋግሜ ያዘጋጀሁትን አወጣሁት። ወንድሜ ኤስ ደሊካዶ? አልኳት። ምግብ የሚያማርጠው ጠባዩ ሆኖ ነው ወይ ማለቴ ነበር። ጠባዩ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ሳይበላ ይጎዳል ብዬ ነው የፈራሁት።

ዞር ብላ አየችኝ። ስፓኒሽ መናገሬ ገርሟታል። እርጥብ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ኖ» አለች። «ኤስ፣ ኖ። ኤስታ። ኤስታ ሙይ ደሊካዶ።» ሙይ በጣም ማለት ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ቀጥላ ብዙ አወራች፤ ሌላውን ግን አልሰማሁትም፣ አልፈለግሁትምም። እኔ የያዝኩት ኤስታን ነው። አርማኛለች። ኤስ አይደለም፣ ኤስታ ነው ብላኛለች። የማይለቀው አይደለም፣ የሚያልፈው ነው። በጣም አማርጧል፣ ግን ያልፍለታል።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ዓይኗ ውሃ ማቅረሩን አይቻለሁ፤ የፈረንጅ ዓይን መቼም ሁሌ እንደዚያ ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ አያ እየተጣደፍኩ ወጣሁ።

«ምግብ አስቸገረ እንጂ ያልፍለታል ብላለች» አልኳቸው። «ራሷን በቋንቋዋ ጠይቄያት ነው። በርበሬሽን አስገቢ ይበሉልኝ።»

«ተመስገን» አሉ። ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሳለሙና ወደ መኪና ተራ ሄዱ።

ለወንድሜ እየፎከርኩ ነው የነገርኩት። ሐኪሟን ያለአስተርጓሚ አናገርኳት፣ እንዲያውም አረመችኝ አልኩት። ምን ብላ አረመችሽ ሲለኝ ኤስ አይደለም፣ ኤስታ ነው አለችኝ አልኩት። ፊቱን አይቼው ነበር። አሁን ሳስበው በደንብ አይቼዋለሁ።

«ልክ ነች» አለኝ። «ኤስታ ነው የሚባለው። ጎበዝ ሆነሻል።»

«እኔ ምን አልኩህ።»

«እማስ?»

«በርበሬዋን ታስገባ ብዬ ላክሁባት።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው። ያውቅ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ሮጬ አያን መኪና ተራ እደርስባቸው ነበር፤ መኪናው ሳይሞላ ቶሎ አይነሣም። አልተናገረም። ሞቱን እዘኚ እንጂ በሱ አትዘኚበት የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ። የሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም ይላሉ፤ ይያዛል፣ እኔ ይዣለሁ።

በማግሥቱ ይመስለኛል፣ ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። ድምፁ ስላነሰ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «ያን ቀን እማን አይቻታለሁ» አለኝ። «ቡሬ። መኪናው ሲነሣ ከኋላ ሆኜ አየኋት፤ አንቺን አዝላ ትሮጣለች፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አድርጋ። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር። የሚያለቅስ ልጅ ይመለሳል ብለውናል። ብጠራት አለቅሳለሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ልጥራልህ?» አልኩት።

«ተያት» አለኝ። «እንደዚያ ስትሮጥ ዳግመኛ ማየት አልችልም።»

ይህን ስሰማ እንኳ አልነቃሁም። የድሮ ነገር ትዝ ብሎት ሆዱ ባብቶ ነው ብዬ ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳብኩለት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አጥሚት አሙቄ ስመለስ ነርሶቹ አልጋው ዙሪያ ቆመዋል። ሐኪሟ ወደ በሩ መጣችና ሁለት እጄን ያዘች። ቃል መረጠችልኝ። የምትሰማው አንድ ሁለት ቃል ነው ብላ፣ የማውቀውን ፈልጋ፣ ቀስ ብላ አለችኝ። «ኤስታ ሙኤርቶ።»

ሙኤርቶን አላውቀውም ነበር፤ ከፊቷ ገባኝ። ኤስታን ግን አውቀዋለሁ። አጥሚቱ እጄ ላይ ፈሶ መቃጠሌ የተሰማኝ ኋላ ነው። ያኔ በጭንቅላቴ የሚዞረው አንድ ነገር ነበር፦ ሞትንም በሚያልፈው ነው የሚጠሩት? ይኼ ነው የሚያልፈው? እንደ እብድ «ኤስ በይኝ፣ ኤስ በይኝ» እያልኩ ጮህኩባት። ምን እንደምል ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

ሰው ተሰብስቦ መኪና ተገኘ፤ አገር ቤት ሊቀበር ወሰድነው። ወደ እናቴ ቀድሞ ሰው ተልኳል፤ መርዶ ነውና ሞተ አይሏትም፤ «ትንሽ ጠንቶበታል፣ ወደዚህ እያመጡት ነው» አሏት። እንዲህ ያለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ቡሬ ስንደርስ መንገድ ዳር ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። በእጇ ምንም አልያዘችም። ሬሳውን ከመኪናው ሲያወርዱት ፊቱን ግለጡልኝ አለች፤ ተገንዞ ነበርና አይሆንም አሏት።

ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ ከባሕር ዳር አንድ ሰው መጣ። ኩባ አብሮት ያደገ ነው። ሰው ሲበተን ጠብቄ ወደ አጥሩ ወሰድኩትና ያንኑ ቃል ጠየቅሁት። ሐኪም ስለ በሽተኛ ኤስታ ደሊካዶ ሲል ምን ማለቱ ነው አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «እዚያ አገር ሐኪም እንዲያ ካለ ቤተሰብ ይጠራራል» አለኝ። «ሊሞት ነው ላለማለት ነው የሚሉት። የጨዋ አነጋገር ነው።»

«ኤስታ የሚያልፍ ነገር አይደለም እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«ወንድሜ።»

«ለጀማሪ እንደዚያ ነው የሚነገረው» አለ። «ያለበትን ሁኔታ ነው የሚናገር እንጂ፣ ስለ ማለፉ ምንም አይልም።»

ሳላውቀው አጥሩን ጨብጬ እሾህ እጄን ወግቶታል። እርር ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐዘንተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ እናቴ የወንድሜን ልብስ ለነዳያን ልትሰጥ አወጣችው። ጃኬቱን፣ ሸሚዙን አጣጠፈች። ጋቢው ላይ ስትደርስ ቆመች። ያን ክረምት የፈተለችው ጋቢ ነው። በር ላይ ቆማ በሁለት እጇ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው፤ ትከሻው ላይ ከወዲያ ያለው ጓሮ አሳልፎ ታየ።

«ሳስቷል» አለች። «እይው፣ እዚህ ጋ ሳስቷል። ስሠራው እንዲህ አልነበረም። አሁን በነካ እጅ ይቀደዳል።»

ያ ቃል ነው። «ስስ ነው» አይደለም፤ «ሳስቷል» ነው። ያላለፈ፣ የማይመለስ፣ ሊቀደድ የደረሰ። እኔ ኤስና ኤስታ እያልኩ ወፍጮ ቤት ስማር፣ በእናቴ ቤት ቃሉ እንዲህ ተሰጥቶ ነበር። ልደብቃት አልቻልኩም፤ መደበቅ የወንድሜ ድርሻ ነበር፣ በቅቶኛል።

«እማ» አልኳት። «ሐኪሟ ያለችው እሱን ነው።»

«ምኑን?»

«ሳስቷል ነው ያለችኝ። በጣም ሳስቷል። እኔ ግን ምግብ አማርጧል ያለችኝ መሰለኝ።»

ጋቢውን ዝቅ አደረገችው። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ሰው ቤት እንግዳ ዝግ ብላ ጠየቀችኝ።

«እሷ በአፏ ያለችውን በይልኝ እስቲ። በዚያው በቋንቋዋ።»

«ኤስታ ሙይ ደሊካዶ።»

«ደሊካዶ» አለች። አፏ ላይ አልሆነላትም፤ ደግማ ሞከረችው። «ደሊካዶ።» ከዚያ ጋቢውን ደረቷ ላይ ሰብስባ አቀፈችው።

«ይኼንኑ ብለሽ ብትልኪብኝ ምን ነበረበት» አለችኝ። «ሳትፈቺው። በመጣሁ ነበር እኮ። የማላውቀው ቃል ከልጄ አልጋ ተልኮ ቢመጣብኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ በርበሬ እጠብቅ ነበር?»

ከኋላዋ የበርበሬው ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ደመናው ሳይዘንብ አልፎ ስለነበር ያን ዓመት አንድም ፍሬ አልሻገተባትም።